ጣልያንን በአምስት ሳምንት፦ የትኛው ከተማ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዝግጅት?

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ የምማር የሁለተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ15 ዓመቴ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ዩኒቨርሲቲዬ በመጪው ሰመር ስለ ጣልያን ባህልና ኅብረተሰብ የአምስት ሳምንት ትምህርት አዘጋጅቷል። አንዱ ምድብ ፍሎረንስ ነው፣ ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ፤ ሌላው ፔሩጃ ነው፣ ከጁን መጀመሪያ ጀምሮ። ስድስት ክሬዲት ይያዝልኛል። አባቴ ግን ‹አያቴ ዱር ቤቴ ብለው የተዋጉትን ሰው አገር ለማየት ነው ይህን ሁሉ ብር የምናወጣው? ይሄ ሽርሽር ነው› ይላል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ከሄድኩስ የትኛውን ልምረጥ? ምን ልዘጋጅ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሂጂ፤ ከሄድሽም ፔሩጃን ምረጪ። አስቀድሜ ግን አባትሽ ባነሱት ልጀምር፤ የሚናቅ ነገር አይደለም። ሥራዬ ተማሪዎችን ለእንዲህ ያለ ጉዞ ማዘጋጀት ስለሆነ «ሽርሽር ነው» ያሉት በብዙ ፕሮግራሞች ላይ እውነት መሆኑን አውቃለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ክላስ፣ ከሰዓት ሙዚየም፣ ዓርብ ማታ ሻንጣ ሸክፎ ወደ ቬኒስ። መኝታው ከራሳቸው ካምፓስ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ አፓርታማ ውስጥ፣ ወሬው ከጠዋት እስከ ማታ በእንግሊዝኛ። እንዲህ የከረመ ተማሪ ስለ ሥዕልና ስለ ሕንፃ ጥሩ ነገር ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ አንድም ጣልያናዊ ቤት ሳይገባ፣ ከአንድም የሰፈር ሰው ጋር ሳይጣላና ሳይታረቅ ስለ ኅብረተሰቡ ተምሬአለሁ ቢል ግን አላምነውም።

ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት የኮርሱን አውትላይን ጠይቂ። እኔ መጀመሪያ የማየው ትምህርቱ ስለ ዛሬዋ ጣልያን ስንት ሳምንት እንዳለው ነው። ሚኬላንጀሎና የፍሎረንስ ገዢዎቹ ሜዲቺዎች ተገቢ ቦታቸው አላቸው፤ ይሁን እንጂ «ኅብረተሰብ» የሚል ርዕስ ይዞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሚያበቃ ኮርስ የጥበብ ታሪክ ኮርስ ነው። ቀጥሎ የማየው መኝታውን ነው። ቤተሰብ ዘንድ የሚያሳርፍ ከሆነ የትምህርቱ ግማሽ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ አስተማሪዎቹ እዚያው የሚኖሩ ናቸው ወይስ ከአሜሪካ አብረው የሚሄዱ? በሳምንት ስንት ሰዓት ጣልያንኛ አለ? ይህን ጠይቀሽ አጥጋቢ መልስ ካላገኘሽ አባትሽ ልክ ናቸው፤ ገንዘቡን አታውጪ።

ከተማውን በተመለከተ፣ ፍሎረንስን የማልመክርሽ ከተማዋን ስለማልወድ አይደለም። ችግሩ መሀል ከተማው በአሜሪካ ተማሪና በቱሪስት የተጨናነቀ መሆኑ ነው። ካፌ ገብተሽ በጣልያንኛ ስታዝዢ በእንግሊዝኛ ይመልሱልሻል፤ ሦስት ቀን ይህ ከተደጋገመ ተስፋ ቆርጠሽ ትተዪዋለሽ። ከጁላይ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሙቀቱ ብዙ ቀን ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ አሮጌዎቹ ቤቶች አብዛኞቹ ኤሲ የላቸውም፣ ኦገስት ሲገባ ደግሞ የከተማው ሰው ራሱ ወደ ባሕርና ወደ ተራራ ይሸሻል። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ይባላል፤ በካቶሊክ አቆጣጠር የእመቤታችን ዕርገት ነው፣ በዚያው ሳምንት የሰፈር ዳቦ ቤት ሳይቀር በሩ ላይ «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፎ ይሄዳል። ኅብረተሰቡን ላጥና ብለሽ ኅብረተሰቡ ሲወጣ መድረስ የለብሽም።

ፔሩጃ ኮረብታ ላይ የተሠራች የኡምብሪያ ክልል ዋና ከተማ ናት። በ1308 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከእሱ ሌላ ጣልያንኛንና የጣልያንን ባህል ለውጭ አገር ሰው ለማስተማር የቆመ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም አላት፣ «ዩኒቨርሲታ ፐር ስትራኒዬሪ» የሚባል። ከሴኔጋል፣ ከቻይና፣ ከብራዚል የመጣ ተማሪ መንገዱ ላይ ስለሚታይ አንቺን ዞሮ የሚያይሽ ሰው ጥቂት ነው፤ ከተማዋ ግን በውጭ ሰው አልተዋጠችም፣ ባለሱቁ የሚያወራሽ በጣልያንኛ ነው።

ከታችኛው ሰፈር ወደ መሀል ከተማ የምትወጪው በተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው፤ ደረጃው የሚያልፈው ሮካ ፓዎሊና በሚባል ምሽግ ሆድ ውስጥ ነው። በ1540 ሕዝቡ በጨው ግብር የተነሣ በሮሙ ጳጳስ በፓውሎስ ሣልሳዊ ላይ አመፀ። ጳጳሱ አመፁን ሲያዳፍኑ የከተማዋን ኃያል ቤተሰብ የባልዮኒዎችን ሰፈር አስፈርሰው፣ ጎዳናውን እንዳለ ከሥር ቀብረው ምሽጉን ከላይ አሠሩበት። ዛሬ ሰው ለሥራ ሲጣደፍ የሚያልፈው በዚያ በተቀበረው ጎዳና ላይ ነው፤ የቤቶቹ በርና መስኮት ከነግንባቸው ይታያሉ። እዚያው ምሳ ላይ የሚቀርብልሽ ዳቦ ጨው የለውም፤ ከተሜው ይህንንም ከዚያ የጨው ግብር ጋር አያይዞ ይተርክልሻል። የታሪክ ምሁራን በዚህ ላይ ይከራከራሉ፤ ለአንቺ ለሶሲዮሎጂ ተማሪዋ ግን ሰዉ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቂሙን በዳቦ ማስታወሱ ራሱ አንድ ጥናት ነው።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ኮርሶ ቫኑቺ በሚባለው ዋና መንገድ ላይ ውጪ። ሽማግሌው ካናቴራ ለብሶ አይወጣም፤ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ነው። ከኢጣልያ አደባባይ እስከ ትልቁ ፏፏቴ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። የሚገዛ ነገር የለም። ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ማን ማንን ሰላም እንዳላለ ይታያል፣ ይመዘገባል። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጪ። በመጨረሻ አንዷ አሮጊት «የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ትጠይቅሻለች፤ ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ደብተር የምታወጪበት ጊዜ ያጥርሻል።

ቡና ቤት ስትገቢም ልብ በይ። ቆመው ነው የሚጠጡት፤ ባንኮው ላይ፣ በሁለት ጉንጭ። በብዙ ቤት መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ ከፍለሽ ደረሰኙን ቡና ለሚቀዳው ታሳያለሽ፤ ከተቀመጥሽ ዋጋው ይጨምራል። ስትገቢ «ቦንጆርኖ» ሳትዪ ዝም ብለሽ ማዘዝ እንደ ብልግና ይቆጠራል፤ ይሄ ለኛ ሰው አይከብድም። ዶክተሩ፣ ግንበኛውና ፖሊሱ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሲጠጡ ታያለሽ፤ ግን ማን ለማን «አንተ» እንደሚል፣ ማን ለማን «እርስዎ» እንደሚል አዳምጪ። የመደብ ልዩነት የሚሰማው እዚያ ነው።

ጁን ላይ በመሄድሽ የምታገኚው ሌላም አለ። ጁን 2 የሪፐብሊክ ቀን ነው፤ በ1946 በዚያ ቀን ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ንጉሡን አሰናበተ፤ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡትም ያኔ ነው። ጁላይ 2 ደግሞ ሲዬና ውስጥ ፓሊዮ የሚባል የፈረስ ውድድር አለ። ከ17ቱ ሰፈሮች ዐሥሩ ፈረስ አሰልፈው በካምፖ አደባባይ ሦስት ዙር ይሮጣሉ፤ ከሁለት ደቂቃ በታች ያልቃል። ጋላቢው ቢወድቅም ፈረሱ ብቻውን ቀድሞ ከገባ ሰፈሩ አሸንፏል። ውድድሩን ብቻ አይቶ መመለስ ትርፉ ትንሽ ነው፤ የግፊያው ነገር አይወራም። ከቻልሽ ቀደም ብለሽ ሂጂና ልምምዱን እይ፤ ዋዜማውን መንገድ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው ሰፈርተኛው ሁሉ ሲበላ እይ፤ በዕለቱ ፈረሱን ቤተ ክርስቲያን አስገብተው ሲያስባርኩ እይ። እድርና ማኅበር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጣልያን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ነው፤ ሮም ደግሞ በ1870 ተጨምራ በ1871 ዋና ከተማ ሆነች። ብዙው ሰው ዛሬም «ጣልያናዊ ነኝ» ከማለቱ በፊት የሲዬና፣ የናፖሊ፣ የቤርጋሞ ሰው ነኝ የሚለው ለዚህ ነው።

ለወረቀትሽ ርዕስ ከፈለግሽ ሁለቱን ልጠቁምሽ። አንደኛው እርጅና ነው። ከአራት ጣልያናዊ አንዱ ገደማ ከ65 ዓመት በላይ ነው፤ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ከ1.2 ልጅ በታች ሆኗል። ሽማግሌዎቹን የሚጦሩት በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ሴቶች ናቸው። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ዕረፍት ሲያገኙ ፓርክ ውስጥ ተሰብስበው ታያቸዋለሽ። ዛሬ ብዙዎቹ ከሮማኒያ፣ ከዩክሬን፣ ከፔሩ ናቸው፤ በ1970ዎቹ ግን ሮምና ሚላኖ ውስጥ የቤት ሥራውን ከያዙት መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች ነበሩ። ከእነዚህ እናቶች አንዷን አግኝተሽ ብታናግሪ ከማንኛውም ኮርስ የበለጠ ትማሪያለሽ። በሚላኖ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብትጠይቂ መንገድ አይጠፋም።

ሁለተኛው ዜግነት ነው። በ1992ቱ ሕግ መሠረት ወላጆቹ የውጭ ዜጋ የሆኑ ልጅ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ ከሰፈሩ ልጅ በማይለይ ቋንቋ ቢናገርም እስከ 18 ዓመቱ ይጠብቃል፤ ሳይቋረጥ መኖሩን አስመስክሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። በጁን 2025 ለአዋቂዎች የሚጠየቀውን የዐሥር ዓመት ኑሮ ወደ አምስት ለማውረድ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበር፣ ሕጉ የሚፈልገው ከግማሽ በላይ ስለሆነ፣ ሳይጸና ቀረ። አንቺ መሬቱ ላይ የተወለደ ሁሉ ዜጋ በሚሆንበት አገር በግሪን ካርድ የምትኖሪ ነሽ። ይህን ጥያቄ ከክፍል ጓደኞችሽ በተሻለ ትጠይቂዋለሽ።

የአጊቱ ጉደታንም ታሪክ አንብቢ። ከኢትዮጵያ ሄዳ ትሬንቶ ውስጥ እንዳንቺ ሶሲዮሎጂ የተማረች ሴት ናት፤ ተመልሳ አገሯ ገባች፣ በመሬት ጉዳይ ከተነሣው ተቃውሞ የተነሣ በ2010 ወደ ጣልያን ተሰደደች። ጣልያኖቹ ራሳቸው ትተውት የነበረውን የተራራ ግጦሽ ይዛ፣ ዘራቸው ሊጠፋ የደረሰ ፍየሎች አርብታ፣ አይብ እየሠራች ስሟ ገነነ። በዲሴምበር 2020 አብሯት ይሠራ በነበረ ሰው እጅ ተገደለች። ስለ ተራራው ገጠር መራቆት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ሴት ሥራ ፈጣሪ ማውራት የሚፈልግ ሰው ከእሷ ሕይወት ቢጀምር አይሳሳትም።

አሁን ወደ አባትሽ ልመለስ። አያታቸው አርበኛ ከነበሩ፣ አንቺ ጣልያን የምትገቢው ባዶ እጅሽን አይደለም። ከፔሩጃ ሮም በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም። አንድ ቅዳሜ ለብቻሽ አውጪ፤ ፕሮግራሙ ኮሎሲየምን ያሳይሻል፣ ይህን ግን የሚያሳይሽ የለም።

ከተርሚኒ ጣቢያ ስትወጪ ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። ወደ ሪፑብሊካ አደባባይ ስታቀኚ በአቅራቢያው ካለው አትክልት ቦታ ሐውልታቸው ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ያለው ድንጋይ ከጥንታዊት ግብፅ የመጣ ሐውልት ነው፣ ስማቸው ከሥር ተጽፏል። ወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ ለገሐር የተነቀለውን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው ያቆሙት እዚህ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 አንበሳውን አይቶ ሰይፉን የመዘዘበት ቦታ ይህ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ ለገሐር ተመልሷል፤ ዛሬ እዚያ የሚያልፈው መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ቀና ብሎ አያይም።

ከዚያ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ውረጂ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚሠራበት ትልቁ ነጭ ሕንፃ የተሠራው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ከፊቱ ቆሞ ኖሯል፤ በ2002 መብረቅ መታው፣ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 በቦታው ተተከለ። የቆመበት ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ አሁን ሁለት ጥንታዊ አምዶች አሉ፤ ለኒው ዮርኩ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት መታሰቢያ የቆሙ ናቸው። ስለ አክሱም እዚያ ቆሞ የሚያስረዳሽ ሰው አትጠብቂ፤ አንቺ ለጓደኞችሽ አስረጂ። ከላተራኖ ባዚሊካ አጠገብ የአምባ አራዳም ጎዳና አለ፤ በሰሜን ምሥራቅ ባለው «የአፍሪካ ሰፈር» የኢትዮጵያ ጎዳና፣ የኤርትራ ጎዳና፣ የሊቢያ ጎዳና አሉ። እዚያ የሚኖረውን ሰው «የሰፈራችሁ ስም ከየት መጣ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የሚሰጥሽ መልስ፣ ወይም መልስ ማጣቱ፣ ለወረቀትሽ ይሆናል። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ከጦርነቱ 60 ዓመት በኋላ። የካቲት 12ን የማያውቅ የተማረ ጣልያናዊ ብዙ ታገኚያለሽ፤ በክፋት ሳይሆን ትምህርት ቤት ስላልነገሩት ነው። ከእሱ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ከቁጣ ይበልጣል፤ ቢከብድሽም አትተዪው።

ግንኙነቱ በጦርነት ብቻ አልተጀመረም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው፤ በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ውስጥ ያሳተሙት በዚያ ማኅበር ውስጥ ሆነው ነው። ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

ስለ ጾም አልጠየቅሽም፤ ግን ጁን ማለት የሐዋርያት ጾም ነው፣ ከጾምሽ አትጨነቂ። ደረቅ ፓስታ ስንዴና ውሃ ብቻ ነው፤ ትኩሱ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ፓስታ በሽምብራ፣ ፓስታ በባቄላ፣ በቲማቲምና በባሲል የራሰው የዳቦ ሰላጣ ፓንዛኔላ፣ ሁሉም የገበሬ ምግብ ነው። አይብ ሳይጠየቁ ስለሚነሰንሱ «ሴንሳ ፎርማጆ» በይ። ፔስቶ በሚባለው የቅጠል ማባያ ውስጥም አይብ አለ። የምታርፊበት ቤተሰብ እናት «ምን አለብሽ?» ብላ መጨነቋ አይቀርም፤ ከመድረስሽ በፊት በፕሮግራሙ በኩል ይነገራት።

ጥቁር መሆንሽን በተመለከተም በግልጽ ልናገር። በመንገድ ላይ ፖሊስ መታወቂያ የሚጠይቀው ጓደኞችሽን ትቶ አንቺን ሊሆን ይችላል። የፓስፖርትሽን፣ የቪዛሽንና የተማሪነት ደብዳቤሽን ኮፒ ሁልጊዜ ያዢ። በእንግሊዝኛ መልስ መስጠት ብዙ ጊዜ ነገሩን ያበርደዋል፤ ይህን መጻፍ ያሳዝነኛል፣ ግን እውነት ነው።

ቪዛው ላይ አትዘናጊ። ዜግነት ያላቸው ጓደኞችሽ ለአምስት ሳምንት ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ አንቺ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለምትሄጂ ግሪን ካርድ ቢኖርሽም የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሻል። የፕሮግራሙ ሰዎች ይህን አብዛኛውን ጊዜ አያስታውሱም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ ለጁን ከሆነ ዲሴምበር ማለት ነው። ስፕሪንግ ሲገባ የቆንስላው ቀጠሮ ይሞላል። ፓስፖርትሽ ከአውሮፓ ከምትወጪበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ ይሁን፤ የሚያልቅ ከሆነ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን ዘንድ እድሳቱን አሁኑኑ ጀምሪ። መደበኛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ፣ የመኝታ ማረጋገጫ፣ የባንክ ስቴትመንትና የመመለሻ ትኬት ይጠየቃል። ይህን የሚያነብ የአሳይለም ኬዙ ገና ያላለቀ ተማሪ ካለ ከጠበቃው ጋር ሳይነጋገር ከአሜሪካ አይውጣ።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ፕሮግራሙ የራስሽ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነና ክሬዲት ስለሚያዝ የፌዴራል ፋይናንሻል ኤይድሽ ሊያገለግል ይችላል፤ ለሰመር የተረፈ ፔል ግራንት (የማይመለስ የመንግሥት ዕርዳታ) እንዳለሽ ቢሮውን ጠይቂ። ጊልማን ስኮላርሺፕ እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል፣ ግን ለዜጎች ብቻ ስለሆነ ለአንቺ አይሆንም። ቀጥታ በፔሩጃው የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ የወር ኮርስ መመዝገብ በጣም ይረክሳል፤ የወሩ ክፍያ በመቶዎች ዩሮ የሚቆጠር ነው። ዋጋው አባትሽን ካሳሰባቸው ይህን ሦስተኛ መንገድ አስቢበት፤ ብቻ ዲፓርትመንትሽ ክሬዲቱን እንደሚቀበል አስቀድሞ በጽሑፍ ይስጥሽ፣ ኤይዱም እንደማይከተልሽ ገምቺ።

እስከዚያው ጣልያንኛ ጀምሪ። መሠረታዊውን ደረጃ፣ ኤ1 የሚሉትን፣ ጨርሰሽ ብትሄጂ አምስቱ ሳምንት ሌላ አምስት ሳምንት ይሆናል። ዲፖዚቱን ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ አንድ ነገር በኢሜይል ጠይቂ፦ ቪዛ ብከለከል ስንቱን ትመልሱልኛላችሁ? መልሱን አስቀምጪው።